ከእቃ ወደ ውሎ፦ ባሕር ዳር ላይ ቀለል ያለ ኑሮ ለመጀመር የ5 ሳምንት መመሪያ

"ከእንግዲህ ዝም ብዬ እቃ አልገዛም" ያለ ሰው ብዙ አውቃለሁ። እኔም ሦስት ጊዜ ብያለሁ። የመጀመሪያው አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሁለተኛው እስከ ደመወዝ። በሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። መግዛቱን እናቆማለን፣ በቦታው የምናስገባው ግን የለንም። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ይሆናል። ቤት ይደብራል። "እስቲ ወጣ ብዬ ልምጣ" እንላለን። ወጣ ስንል እግራችን ገበያ ያደርሰናል።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ወጪያችሁን ታነባላችሁ። ቀጥሎ ውሎ ታዘጋጃላችሁ፣ ገንዘብ ትለያላችሁ። መግዛት የምትቀንሱት ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ያለውን እቃ ማውጣት ከዚያም ይከተላል። አትቀያይሩት። ብዙ ሰው የሚወድቀው ቁም ሣጥን ከመገልበጥ ስለሚጀምር ነው። ያንን ያደረገ ሰው በወሩ መልሶ ይሞላዋል።

አንድ ማሳሰቢያ። ችግራችሁ የጤፍና የቤት ኪራይ ከሆነ ይህን አትከተሉ። የሚቀነስ ነገር ለሌለው ሰው "ቀለል አድርገህ ኑር" ማለት ስድብ ነው። ይህ የተጻፈው ገቢው ለወሩ በቅቶት ትርፉ የት እንደገባ ለማያውቅ ሰው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልካችሁ፣ እና ከደመወዝ ቀን የሚጀምር አምስት ሳምንት። ለዚህ ብላችሁ የሚያምር ማስታወሻ ደብተር ከገዛችሁ ገና ሳትጀምሩ ወድቃችኋል። ልጆች ግማሹን ጽፈው የተዉት ደብተር ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የሁለት ወር ወጪ ማንበብ

አንድ ምሽት ይወስዳል። ደመወዝ ከመግባቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ሥሩት።

1. ቴሌብር ላይ የከፈላችሁበትን ዝርዝር ክፈቱ። ከባንክ የመጡትን አጭር መልእክቶችም አምጡ። ሁለት ወር ወደኋላ ሂዱ።
2. እያንዳንዱን ወጪ በአንድ መስመር ጻፉ።
3. ፊት ለፊቱ አንድ ምልክት አድርጉ። "ኑ" ለኑሮ ነው፦ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ትምህርት ቤት፣ እድር። "እ" ለእቃ ነው። "ው" ለውሎ ነው፤ ከሰው ጋር ወይም ብቻችሁን ጥሩ ቀን ለመዋል ያወጣችሁት።
4. "እ" ካለበት ሁሉ አጠገብ ቀኑን፣ ሰዓቱንና አብሯችሁ የነበረውን ሰው ጻፉ።
5. የ"እ"ን ድምር ለብቻ አውጡ።

ዋናው ቁጥር 4 ነው። የእኔ ደብተር ላይ 14 "እ" ነበረ። ዘጠኙ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ነው። ሦስቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ ከቴሌግራም የሽያጭ ቻናል የታዘዙ ናቸው። "ው" አንድ ብቻ። እኔ "የኑሮ ውድነት" እያልኩ ሳማርር የነበረው የሦስት ሰዓት ችግር ኖሯል።

*ከተበላሸ፦* ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ጥሬ ብር ስልክ ላይ አይገኝም። ከትዝታ ለመሙላት አትሞክሩ። ትልቁን እናስታውሳለን፣ ላስቲኩንና ሳህኑን እንረሳለን። ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ሁለት ሳምንት በየምሽቱ ጻፉ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ። ሌላው፣ የትዳር አጋራችሁን ስልክ አትጠይቁ። እኔ ባለቤቴን "ስልክሽን ስጪኝ" ያልኳት ማታ ስለ ወጪ ሳይሆን ስለ መተማመን ስንነጋገር አመሸን።

ደረጃ 2፦ አራት ውሎ ማዘጋጀት

በደረጃ 1 ያገኛችሁትን አደገኛ ሰዓት ውሰዱ። የእናንተ ቅዳሜ ላይሆን ይችላል። ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ያ ሰዓት ባዶ እንዳይሆን አድርጉ። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፉ፦ የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት ተነስተን፣ በስንት ብር። "አንድ ቀን ዘጌ እንሄዳለን" ውሎ አይባልም። "ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደብ፣ ከነልጆቹ" ውሎ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። የተቀጠረ ሰው ካለ ማስቀረት ያሳፍራል፤ ይሉኝታን ለአንድ ጊዜ እንኳ ለጥቅማችን እናውላት።

የእኔ አራቱ እነዚህ ናቸው።

*ውሎ አንድ፦ ዓሣ ከሐይቁ እስከ ምጣድ*

በጠዋት ዓሣ አጥማጆች ወደሚያወርዱበት ሂዱ። ሙሉ ቀረሶ ግዙ። የተሰነጠቀና የተዘጋጀውን ከገዛችሁ ውሎው አስቤዛ ሆኖ ይቀራል። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ መሆኑን እዩ። ስንጥቡን ገለጥ አድርጉ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ከጠቆረ ተዉት። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት መመለስ አለበት።

ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ የጀርባውን እሾህ በመቀስ ቁረጡ፣ ይወጋል። ከዚያ ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ጭንቅላት በቢላ ጀርባ ፋቁ። ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም እየዘለለ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ደጅ፣ ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ ሥሩት። ልጆቼ ከዚህ ሁሉ የሚወዱት ይችን ነው፤ የትንሿ ፀጉር ላይ እስከ ማግስቱ ቅርፊት አገኘን። ለመጀመሪያ ጊዜ አምባዛ አትሞክሩ። ያዳልጣል፣ ጎንና ጎኑ ያለው እሾህም አደገኛ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ እተወዋለሁ።

*ውሎ ሁለት፦ ብስክሌት*

ከተማችን ሜዳ ናት። ተከራዩ፣ አትግዙ። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የፊትና የኋላ ፍሬን ያዙ፣ ካቴናውን እዩ፣ ጎማውን ተጫኑ። ዋጋውን በሰዓት ተስማሙና የተነሳችሁበትን ሰዓት ለአከራዩ ጮክ ብላችሁ ንገሩት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ስላለው ከልጅ ጋር እሱን ምረጡ። ጉልበት ካላችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፋችሁ ነው የምትወጡት፣ አትፈሩ፣ ሁሉም ይገፋል። ከላይ አባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ይታያል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሲመሽና ማለዳ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣል። በዚያ ሰዓት ቄጠማው አጠገብ አትቀመጡ። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት። ልጆች ዳር ዳሩን ባዶ እግራቸውን ውኃ ውስጥ እንዲጫወቱ አትፍቀዱ።

*ውሎ ሦስት፦ ዘጌ፣ ገዳማት ያሉበት የጣና ልሳነ ምድር*

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ እኔ የተበላሁበት ነውና። ሳንዘጋጅ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወደብ ደረስን። ያገኘነውን ጀልባ ዋጋ ብቻ ጠይቀን ገባን። ስንመለስ 9 ሰዓት ሆኗል፣ ነፋስ ተነስቷል፣ ልጁ ያስመልሳል። ከጀልባው ስንወርድ ደግሞ "የመጠበቂያ" የሚባል ሌላ ሂሳብ መጣ። በዚያ ገንዘብ ሦስት ጊዜ መሄድ ይቻል ነበር።

እናንተ እንዲህ አድርጉ።

1. ከአንድ ቀን በፊት ወደብ ሄዳችሁ የሕዝብ ጀልባ የሚነሳበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ጠይቁ። ካለ በእሱ ሂዱ። ርካሽ ነው፣ ጨዋታውም ከሕዝቡ ጋር ነው።
2. የግል ጀልባ ከሆነ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተካፈሉ። ከመሳፈራችሁ በፊት አምስት ነገር ተስማሙ፦ የትኞቹ ገዳማት፣ ስንት ሰዓት፣ መጠበቂያው ዋጋው ውስጥ መግባቱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩ፣ ሂሳቡ ሲመለሱ የሚከፈል መሆኑ።
3. በጠዋት ሂዱ፣ ከቀትር በፊት ተመለሱ። ጣና ከሰዓት በኋላ ፀባዩ ይቀየራል።
4. ሴቶችና ሴት ልጆች ካሉ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ምረጡ። ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም። ባለቤታችሁን ጀልባ ላይ አስቀምጣችሁ የምትገቡበት ጉዞ ውሎ አይሆንም።
5. የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለብቻ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ። ነጠላ ያዙ። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ያዙ።
6. ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡና ዛፎቹ ጥላ ሥር ያለውን መንገድ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አንድ ክፍል ብቻ መርጣችሁ ቆማችሁ እዩ። ሁሉንም ፎቶ ለማንሳት ስትሯሯጡ ምንም አታዩም።

መንገዱ ዳር የማስታወሻ እቃ የሚሸጡ አሉ። ሳትገዙ እለፉ እላለሁ። እኔ ግን ከደንገል የተሠራች መዳፍ የምታህል ታንኳ በልጄ እጅ ገብታ አይቻት ተሸንፌያለሁ። እስካሁን ቴሌቪዥኑ ላይ አለች።

*ከተበላሸ፦* ጠዋት ሐይቁ ላይ ነጭ አረፋ ካያችሁ አትሳፈሩ። ብስክሌቱን አስቀድሙ። ጢስ አባይን ያሰባችሁ ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሂዱ። በበጋ ውኃው አንሶ "ይሄ ነው እንዴ?" ትላላችሁ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከመጣ ሰው ጠይቁ። ካጠራጠራችሁ ከተማ ውስጥ ቅሩ።

*ውሎ አራት፦ ቡና እስከ በረካ*

ይህ የዝናብ፣ የሕመምና የባዶ ኪስ መጠባበቂያ ነው። ጎረቤት ጥሩ፣ ስልኮቹን ሰብስባችሁ ሞሰቡን ክደኑባቸው፣ ከአቦል እስከ በረካ አትነሱ። ከሌሎቹ ሦስት አንዱ ከተሰረዘ በዚህ ተኩት እንጂ ቀኑን ባዶ አትተዉት።

ደረጃ 3፦ ደመወዝ በገባበት ሰዓት ገንዘቡን መለየት

የ"እ"ን የሁለት ወር ድምር ለሁለት አካፍሉ፣ የወር ይሆናል። 6,000 ብር ነው እንበል። ግማሹን፣ 3,000፣ ለውሎ ለዩ። 1,500 ቁጠባ። 1,500 ለእቃ ይቆይ።

አዎ፣ ለእቃ ይቆይ። ሁሉንም የሚቆርጥ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም መልሶ ይገዛል።

የውሎውን ብር ፖስታ ውስጥ አድርጉት፣ ወይም ስልካችሁ ላይ በማይከፈት ሌላ ሂሳብ። ወሩ ሳያልቅ ካለቀ ከእቃው አትሙሉት፣ ውሎ አራትን ድገሙ። ወሩ አልቆ ከተረፈ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገር። የዘጌ ጀልባ ከዚያ ይወጣል።

ስለ እቁብ አንድ ቃል። እቁብ ጥሩ ነው፣ ግን እቁብ ሲወጣ ሶፋ ይገባል። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ደብተሩ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ።

ደረጃ 4፦ የ10 ቀን ዝርዝር

ይህን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሩ፣ አንድ ውሎ ከዋላችሁ በኋላ።

1. የቁም ሣጥን በር ውስጠኛው ላይ ወረቀት ለጥፉ።
2. የምትፈልጉትን እቃ ጻፉ፣ ከነዋጋውና ከነቀኑ።
3. 10 ቀን ሳይሞላ አትግዙ። ስታልፉም ገብታችሁ "ልየው ብቻ" አትበሉ።
4. በአሥረኛው ቀን ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ የት ይቀመጣል? አሁን ያንን ሥራ በምን እየሠራሁ ነው? ከጎረቤት መዋስ እችላለሁ ወይ?
5. አሁንም ከፈለጋችሁ ከ1,500ው ግዙ፣ በደስታ።

መድኃኒት፣ የትምህርት ቤት ቁሳቁስና የተሰበረ የሥራ እቃ ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። ምጣዳችሁ ከተሰነጠቀ 10 ቀን ዳቦ እየበላችሁ አትጠብቁ።

የቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎችን ዝም ማሰኘት አይበቃም፣ ውጡ። ድምፅ ባይኖረውም ማታ 4 ሰዓት ላይ ጣታችሁ መንገዱን ያውቀዋል።

*ከተበላሸ፦* ትልቁ ወጥመድ ቀብድ ነው። "ትንሽ ቀብድ ጣል አድርግና ላስቀምጥልህ" ይላችኋል። ቀብድ የከፈለ ሰው ገዝቷል፣ መጠበቁ ለይስሙላ ነው። "በ10 ቀኔ እመጣለሁ፣ ከተሸጠም ይሸጥ" በሉ። ከዝርዝሬ ውስጥ ግማሹን በአሥረኛው ቀን ሳነበው ለምን እንደጻፍኩት እንኳ አላስታወስኩም።

ደረጃ 5፦ አንድ መደርደሪያ ብቻ ማውጣት

አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ቤቱን በሙሉ አትንኩ። ከሳሎን ቡፌ ጀምሩ፣ አንድ መደርደሪያ።

ያለውን ሁሉ መሬት ላይ አውርዱና ቁጠሩ። እኛ 42 ብርጭቆ አገኘን። የምንጠጣው በስድስቱ ነው፤ ስድስቱም ቡፌ ውስጥ ሳይሆን ወጥ ቤት ነው ያሉት። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ "የአቧራ ጠባቂ ሆነን ኖሯል" አለች።

ሦስት ቦታ ክፈሉ፦ በዚህ ወር የተነካ፣ ለእንግዳ የሚያስፈልግ፣ ሌላው። ለእንግዳ ስትቆጥሩ ባለፈው ዓመት በአንድ ጊዜ የመጣውን ትልቁን የእንግዳ ቁጥር አስቡ፣ ገና የሚመጣውን አትገምቱ። ለትልቅ ድግስ የእድሩ እቃ አለ። "ሌላው"ን በካርቶን አድርጋችሁ ቀን ጻፉበትና አልጋ ሥር አስገቡ። አንድ ወር ማንም ካልፈለገው ይውጣ፦ አዲስ ጎጆ ለወጣ ዘመድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ፣ አሮጌ ፕላስቲክ ከሆነ ለልዋጭ። ልዋጩ ግን በምላሹ አዲስ ሳፋ ይሰጣችኋል፤ ብር ተቀበሉ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የራሳችሁን ብቻ አውጡ። የእናት፣ የአማት፣ የልጅ እቃ አይነካም። ስጦታ ከሆነ የሰጣችሁን ሰው ስም አስታውሱ። እኔ አንድ የሰርግ ስጦታ ትሪ ለሰው ሰጠሁ። የሰጠችን አክስቴ በጥምቀት መጣችና ቡፌውን ዓይኗ ዞረው። "ትሪዋስ?" አለች። ያንን ዝምታ አልመኝላችሁም።

ደረጃ 6፦ ሰው ሲጠይቅ የምትሉት

በዚህ ጉዞ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በገበያ ሳይሆን በሰው ፊት ነው። መልሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ አታብራሩ። "ቀለል ያለ ኑሮ ጀምሬ…" ብላችሁ ከተነሳችሁ ክርክር ይከተላል፣ ወይ ደግሞ "ተቸግረው ነው" ተብሎ ይታዘንላችኋል።

- "ይሄን ሶፋ አትቀይሩትም?" ካሉ፦ "ገና ነው፣ ይቀመጥበታል።"
- "ለምን ልጆቹን አዲስ አላለበስካቸውም?" ካሉ፦ "በበዓሉ ዘጌ እየሄድን ነው፣ ነይ አብረን እንሂድ።" ሁለተኛው ሐረግ ነው የሚሠራው። ግብዣ ክርክርን ይዘጋል።
- ለጥየቃ ስትሄዱ የመስታወት እቃ ከመሸከም የተፈለፈለ ቡና ያዙ። እዚያው ይቆላል፣ እዚያው ይጠጣል።
- ለበዓል ሥጋ ቅርጫ ግቡ። ድርሻው ላይ ያለው ጭቅጭቅና ሳቅ ራሱ የበዓሉ ግማሽ ነው።

የትዳር አጋራችሁ ካልተስማማ ደረጃ 4ንና 5ን በራሳችሁ እቃ ላይ ብቻ ሥሩ፣ ደረጃ 2ን ግን አብራችሁ። እኔ ባለቤቴን ያሳመንኳት በቁጥር አይደለም፤ ከብስክሌቱ በኋላ ራሷ "በሚቀጥለውስ የት ነው?" ብላ ጠየቀች።

ብትሸነፉ

ትሸነፋላችሁ። "እ" ብላችሁ ጻፉት፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀምጡ፣ ቀጥሉ። "ከሰኞ እንደገና እጀምራለሁ" አትበሉ፤ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ የግዢ ፈቃድ ይሆናል።

አንድ ስውር ሽንፈት አለ። ውሎው ራሱ እቃ መግዣ ሰበብ ይሆናል፦ የብስክሌት ኮፍያ፣ የሽርሽር ቴርሞስ፣ ተጣጣፊ ወንበር። እኔ አንድ ጊዜ ድንኳን ገዝቻለሁ። አልተዘረጋም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለውሎ ተብሎ ምንም እቃ አይገዛም፤ ተከራዩ፣ ተዋሱ፣ ጋቢ አንጥፉ።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሩን ክፈቱና "እ"ንና "ው"ን ቁጠሩ። "ው" ከሁለት በታች ከሆነ ደረጃ 4ንና 5ን አቁሙ፣ በሚቀጥለው ደመወዝ ከደረጃ 2 ጀምሩ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛ መደርደሪያ አውርዱ። ድንኳኑን የሚፈልግ ካለ ደግሞ ካርቶን ውስጥ አለ፣ አንድ ወሩ ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶታል።